የሊቀ ብሎን ትርፍ ብሎኖች

ፈጣሪ ለአንድ ሰፈር ሐኪም ሊነፍግ ይችላል። አስታራቂ ሽማግሌ ሊነፍግ ይችላል። ውሃውንም በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ሊያደርገው ይችላል። «እስቲ ልየው» የሚል ሰው ግን ለማንም ነፍጎ አያውቅም። የትም መንደር ሂዱ፤ ዕቃ የተበላሸበት ሰው «ምን ሆነብኝ?» ብሎ ሳይጨርስ ከኋላው እጁን የሚዘረጋ አንድ ሰው አለ። ማንም አልጠራውም። ሙያውን የትም አልተማረውም። ካቻቢቴው ግን ኪሱ ውስጥ ነው።

የዚህኛው ሰፈር «እስቲ ልየው» በጡረታ የተገለሉ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከቤት ቤት እየዞሩ በቆጣሪው መስታወት የሚታየውን ቁጥር ጽፈዋል። ቆጣሪውን መክፈት ግን በጥብቅ የተከለከለ ነበር። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊዋ፣ የባላቸው አመል ከየት እንደመጣ ሲጠየቁ ሌላ ምክንያት አይፈልጉም። «ሠላሳ አንድ ዓመት በር ላይ ቆሞ ግባ ያልተባለ ሰው ነው» ይላሉ። «ቤቱ ሲገባ ያገኘውን ሁሉ ቢከፍት ምን ይደንቃል?»

ሰፈሩ ለዚህ አገልግሎታቸው ማዕረግ ሰጥቷቸዋል፤ ሊቀ ብሎን ይባላሉ። ማዕረጉ ሲሰጥ እሳቸው በቦታው አልነበሩም። ሲሰሙ ግን አልተቃወሙም።

ደግሞም ሥራቸው ይመሰክራል። የጎረቤት ካውያ አልሞቅ ብላ መጥታ ነበር፤ ከእጃቸው ከወጣች ወዲህ ጥሩ አድርጋ ትሞቃለች፣ በእጀታዋ በኩል። የቤታቸው የበር ደወል የሚጮኸው እንግዳ ሲመጣ ሳይሆን የማድ ቤቱ ቧንቧ ሲከፈት ነው። ሬዲዮናቸው አንድ ጣቢያ ብቻ ይይዛል፤ ቋንቋውን በሰፈሩ የሚያውቅ የለም። ሊቀ ብሎን ግን በየጠዋቱ ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጡና «ዛሬ እንኳ ሰላም ነው መሰለኝ» ይላሉ። አንድ ጎረቤት ማቀዝቀዣው ሲበላሽበት፣ እሳቸው ጸሎት የሚሄዱበትን ሰዓት ጠብቆ፣ ሕመምተኛ እንደሚያሸሽ ሰው በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ነው ወደ ጠጋኝ የወሰደው። ሲመለስ ደጃፉ ላይ ቆመው አገኛቸው። ከልባቸው አዝነው ነበር። «ምነው ልጄ» አሉት፣ «እኔ አየው አልነበር?»

የሥራቸው ማኅተም አንድ ነው። ፈተው በገጠሙት ዕቃ ሁሉ አንድ ብሎን ይተርፋል። ሁለት አይተርፍም፣ ሳይተርፍም አይቀርም። ሲጠየቁ ዓይናቸውን አያሹም፦ «ይቺ ትርፍ ናት። ፋብሪካው ሲቸኩል የጨመራት ናት።» ልብስ ሰፊዋ ትርፎቹን ከወለል እየለቀሙ የልብስ ቁልፍ በሚያጠራቅሙበት ትልቅ የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ይጨምራሉ። አሁን አሁን ደንበኛ ቁልፍ ሲመርጥ እጁን ብሎን ይወጋዋል።

በዚያ ቤት ተከፍቶ የማያውቅ ዕቃ አንድ ብቻ ነው፤ የልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪና። በተጋቡ በሳምንቱ ሊቀ ብሎን «እስቲ ልያት» ብለው ጠጋ ሲሉ፣ ሙሽሪት መቀሱን አንሥተው ነበር የመለሱላቸው፦ «መኪናዬን የነካህ ዕለት ጓዜን ሸክፌ እሄዳለሁ።» ይኸው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆነ፤ መኪናዋም ትሠራለች፣ ትዳሩም።

ልብስ ሰፊዋ ስለ ባላቸው ሲያሙ ሰው ይስቃል፤ እሳቸውም ይስቃሉ። አንድ ነገር ግን ለማንም አያወሩም። ሊቀ ብሎን በአንድ ወቅት ረዳት ነበረቻቸው።

የልጃቸው ልጅ ሚጣ የተወለደችው እዚያው ቤት ነው። መራመድ ከጀመረችበት ቀን አንሥቶ ስድስት ዓመት እስኪሞላት ውሎዋ ከአያቷ የሥራ ጠረጴዛ ሥር ነበር። ከባድ ዕቃ የሚፈታው ወለል ላይ፣ ከጠረጴዛው ሥር ስለሆነ ጨለማ ነው፤ ስለዚህ የእጅ ባትሪ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። እሷ ባትሪ ያዥ ነበረች። የሥራው ደንብ አንድ ብቻ ነው፤ ብርሃኑ እጅ ካለበት አይለይም። እንቅልፍ ሲጥላት ብርሃኑ ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ያን ጊዜ ሊቀ ብሎን ካቻቢቴውን እንደያዙ፣ እንዳትነቃ፣ በጨለማ ይጠብቃሉ። ልብስ ሰፊዋ ከመኪናቸው ቀና ብለው ይህን ያዩ ስንት ቀን ነው።

ከዚያ የአማቻቸው ሥራ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ ሙሉ ቀን በአውቶቡስ የሚያስኬድ ከተማ። ልጅቱ እናቷንና አባቷን ተከትላ ሄደች። መሄድም ነበረባት። ማንም ጥፋተኛ ያልሆነበት ነገር ግን ለማልቀስም አይመችም።

በሄዱ በሳምንቱ ሊቀ ብሎን የግድግዳውን ሰዓት አውርደው ፈቱት። ሰዓቱ ደህና ነበር። ጥፋቱ መሰማቱ ነው፤ ልጅ ባለበት ቤት ተሰምቶ አያውቅም ነበርና። ተገጥሞ ሲሰቀል አንድ ብሎን ተረፈ፤ ከዚያ ወዲህም ሰባት ደቂቃ እየቀደመ ይሄዳል። ባልና ሚስቱ ከዓለም ሰባት ደቂቃ ቀድመው ይኖራሉ። ጸሎት ቤት ከሁሉ በፊት ይደርሳሉ፤ ልብስ ሰፊዋ ይህንንም በረከት ብለው ተቀብለውታል።

አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛውን ሲያጸዱ የእጅ ባትሪውን አነሡት። ጭራው ላይ የጥርስ ምልክት አለ፤ ጥልቅ፣ ብዙ ጊዜ የተነከሰ። ባላቸው ሁለት እጃቸው ሥራ ላይ ስለሆነ ባትሪውን በጥርሳቸው ነክሰው ነው የሚሠሩት። ልብስ ሰፊዋ ያን ዕለት ሊቀ ብሎን ወደ ጠረጴዛው ሥር ሲገቡ ጠጋ ብለው «እኔ ልያዝልህ?» አሉ።

«ተይ፣ አንቺ ሥራ አለብሽ» አሉ ሊቀ ብሎን፣ ቀና ሳይሉ።

ልብስ ሰፊዋ የቦታው ባለቤት ገና እንዳልተሻረች ገባቸው። ወደ መኪናቸው ተመለሱ።

እሑድ እሑድ ከጸሎት መልስ ይደወላል። ሊቀ ብሎን ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው «ሚጣ፣ ደህና ነሽ?» ይላሉ። ደህና ነኝ ትላለች። ትምህርት እንዴት ነው? ጥሩ ነው። በርቺ። እሺ። ከዚያ «እርስዎስ ደህና ነዎት?» ብላ ትጠይቃለች፤ አዲሱ ትምህርት ቤት ጨዋነት አስተምሯታል። ጨዋነቷ ልብስ ሰፊዋን እንደ መርፌ ይወጋቸዋል። ከዚያ ስልኩ ለእናቷ ይተላለፋል። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ድሮ ጠረጴዛው ሥር ሆና አፏ የማይዘጋ ልጅ!

አንድ እሑድ ልጅቱ ጭራሽ ወደ ስልኩ አልመጣችም። እናቷ ይቅርታ ጠየቀች። ትምህርት ቤታቸው ሮቦት አምጥቷል፣ ልጆቹ ኮድ ይማሩበታል፣ ሚጣ ሌላ ወሬ የላትም፣ ቤትም ስትመጣ ወረቀት ላይ ቀስት ስትሥል ነው የምትውለው አለች።

ሊቀ ብሎን ስልኩን ዘጉ። «ሮቦት» አሉ። ካቻቢቴያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አዩትና መልሰው ከተቱት።

በሳምንቱ ወደ ሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሄዱ። በሩ ሲጢጥ ይላል የሚል ወሬ ሰምቻለሁ አሉ። በሩ ሲጢጥ ብሎ አያውቅም። ቤተ መጻሕፍቱ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ሮቦት ለሕፃናት ያስተምራል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብስ ሰፊዋ የሰሙት ከአስተማሪዋ ነው። ወጣት ናት፤ ቀሚሷን ልታሳጥር መጥታ ወንበር ላይ እንደቆመች፣ ሳቅ እያቋረጣት ተረከችላቸው። ሊቀ ብሎን ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር፣ ለሰባት ዓመት ልጅ በተሠራ ወንበር፣ ጉልበታቸው ጆሯቸው ደርሶ ተቀመጡ። ሮቦቱ የሾርባ ሳህን የሚያህል ድቡልቡል ነገር ነው፤ ከሥሩ ሁለት ጎማ፣ ጀርባው ላይ አራት ቀስት አለው። ልጆቹ ቀስቶቹን በተራ ይጫናሉ፤ ሁለት ወደፊት፣ አንድ ወደ ቀኝ፣ ሦስት ወደፊት። አረንጓዴዋን ቁልፍ ሲጫኑ ሮቦቱ የተባለውን ሁሉ በተባለበት ቅደም ተከተል ይፈጽማል። ኮድ የሚሉት ይኼው ነው፤ ሳይዘለል የተደረደረ ትእዛዝ።

የሊቀ ብሎን ሮቦት ልጆቹ ከወረቀት ሠርተው ወለሉ ላይ ወዳቆሙት ቤት እንዲሄድ ታዝዞ ከጠረጴዛ እግር ጋር ተላተመ። አስተማሪዋ ዞራ እስክታይ ሮቦቱ በጀርባው ተኝቷል፣ አራት ብሎን ወጥቷል።  የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ተማሪ «አባባ፣ ገደሉት እኮ» አለች።

አስተማሪዋ አልተቆጣችም። ሮቦቱ እንዳልተበላሸ፣ የታዘዘውን ብቻ እንደሠራ ነገረቻቸው። እዚህ ጥፋት ስንፈልግ መጀመሪያ የምናየው ሆዱን ሳይሆን ያልነውን ነው አለቻቸው። ሊቀ ብሎን ኩም አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ጥፋት የሚኖረው ከክዳን ሥር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ቢሆንም እንደገና ቀስቶቹን ተጫኑ። አሁንም ሮቦቱ ወደ ግራ ሂድ ሲሉት ወደ ቀኝ ሄደ፤ ፊቱን ወደ እሳቸው አዙሮ ቆሞ ነበርና።

ጥርሷ የወለቀችው ልጅ ትዕግሥቷ አለቀ። «የእርስዎ ግራ አይደለም፣ የእሱ ግራ ነው» አለቻቸው። «እርስዎን ሆነው አያስቡ። እሱን ይሁኑ።»

ያን ምሽት ልብስ ሰፊዋ ከመኪናቸው ቀና ሲሉ ባላቸው መሐል ቤት ብቻቸውን ሲራመዱ አዩ። ሁለት እርምጃ ወደፊት ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ መላ ሰውነታቸውን እንደ በር ያዞራሉ፣ ሦስት እርምጃ ይሄዳሉ። የስድሳ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ልብስ ሰፊዋ ሊስቁ ብለው አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ሰውዬው እየተማሩ ነበር።

አስተማሪዋም ልቧ ራርቶ፣ ከመጣ ጀምሮ ተንቀሳቅሶ የማያውቅ አንድ ሮቦት ከቁም ሣጥን አውጥታ ሰጠቻቸው። እስቲ ይዩት አለቻቸው። ይህን ቃል ሌላ ሰው ሲለው የሰሙት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ወደ ቤት ሲመጡ እግራቸው መሬት አልነካም። አራት ቀን ፈቱት፣ ገጠሙት። አንድ ብሎን ተረፈ። ሮቦቱ ግን ተነሣ፤ ወደ ግራ ሲታጠፍ ትንሽ ያልፋል እንጂ ይሄዳል። ልብስ ሰፊዋ «ተመስገን» አሉ፤ ብሎኗንም ወደ ብልቃጡ ጨመሩ።

በዚያ እሑድ ሊቀ ብሎን ስልኩን ሲይዙ ትምህርት እንዴት ነው አላሉም። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩ፤ ማንን ሆነው እያሰቡ እንደሆነ ልብስ ሰፊዋ ያውቃሉ።

«ሚጣ፣ አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው» አሉ። «የኔ ሮቦት ወደ ግራ ሲታጠፍ ትንሽ ያልፋል። የናንተም እንዲሁ ነው፣ ወይስ የኔው ብቻ?»

 ከወዲያ ቀጭን ድምፅ፣ ፈጠን ብሎ፣ «ግራን ስንት ጊዜ ነው የተጫኑት?» አለ።

ያን ቀን ሃያ ደቂቃ አወሩ። ልብስ ሰፊዋ ስልኩ እንዲደርሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ፤ ቆሙ፤ ከዚያ እጃቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ቅናት አልነበረም። ትንሽ ነበር። ግን የተራበ ሰው ሲበላ እያዩ ሳህኑን አይጠይቁም።

እሑዶች እንዲህ ቀጠሉ። በመጨረሻ ወሬው መጣ፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናትና ልጅ ለአራት ቀን ይመጣሉ። ሊቀ ብሎን በስልክ ቃል ገቡ። ሮቦቱ ከበር ተቀብሎሽ በሳሎኑ መሐል አልፎ፣ ከጠረጴዛዬ ሥር፣ ድሮ ቦታሽ ድረስ ይወስድሻል አሏት። ልጅቱ ሳቀች። ካላየሁ አላምንም አለች።

ልብስ ሰፊዋ ለቦታዋ አዲስ ትራስ ሰፉ። ሥጋታቸውን ለማንም አልተናገሩም፤ በጸሎት ብቻ ነው ያወጡት። ልጅቱ እንዳትመጣ አልሠጉም። እንግዳ ሆና እንዳትመጣ ነው የሠጉት።

ሊቀ ብሎን ሊሾውን በጠመኔ አሠመሩት። ልብስ ሰፊዋ ቀሚስ የሚለኩበትን ሜትር ወስደው ከበር እስከ ጠረጴዛ ለኩ። ዘጠኝ ወደፊት፣ አንድ ወደ ግራ፣ አራት ወደፊት። ቀን ከቀን ሞከሩት፤ ከመቶ አንዴም አልሳተም። ልብስ ሰፊዋ ሳይፈልጉ በቃላቸው ያዙት፤ አንዴማ ጸሎት መሐል ዘጠኝ ወደፊት ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

በመምጫቸው ቀን ሊቀ ብሎን ሊቀበሏቸው ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄዱ። ልብስ ሰፊዋ ብቻቸውን ቀሩ። ናፍቆት ያለበት ሰው እጁ አያርፍም። ጠመኔውን አጠቡ፣ ወለሉን ወለወሉ፣ መጋረጃውን ቀየሩ። አሁንም ጊዜ ተረፋቸው። ቁም ሣጥኑን ከፍተው፣ ተጠቅልሎ የቆመውን ወፍራም ምንጣፍ ጎትተው አወጡና ሳሎኑ ላይ ዘረጉት። ለክብር እንግዳ ካልሆነ የማይነጠፍ ምንጣፍ ነው። ቤቱ አማረባቸው።

በሩ ተከፈተ። ሚጣ ገባች፤ ቁመቷ የአያቷን ደረት አልፏል። ልብስ ሰፊዋ አቀፏት፤ ፀጉሯ ሌላ ሳሙና ይሸታል። ጫማዋን አውልቃ አስተካክላ አስቀመጠች። ተቀመጪ ሲሏት የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን አቅፋ። ውሃ ሲሰጧት አመሰግናለሁ አለች። ብርጭቆውን ሲቀበሏትም አመሰግናለሁ አለች።  ልብስ ሰፊዋ የፈሩት እንግዳ ይኸው መጥቶ ተቀመጠ።

ሊቀ ብሎን ዓይናቸው ከልጅቱ አልተነሣም፤ ወለሉንም አላዩም። ሮቦቱን በሩ ሥር አስቀመጡና አረንጓዴዋን ተጫኑ።

ሮቦቱ ሄደ። ምንጣፉ ጠርዝ ሲደርስ አቃሰተ፣ ወጣ፣ ከዚያ ጭቃ እንደገባ በሬ ይጎተት ጀመር። ዘጠኙን ሲጨርስ መንገዱን ገና አላጋመሰም። እንደታዘዘው ወደ ግራ ዞረ፤ እንደታዘዘውም አራት ወደፊት ብሎ የስፌት መኪናዋን እግር በግንባሩ ገጨ። እዚያው ሆኖ ግርር እያለ ገፋ፣ ገፋ፣ ዝም አለ።

ልብስ ሰፊዋ አሁን ገና ምን እንዳደረጉ ገባቸው። ልጅቷ እንግዳ እንዳትሆን ሲጸልዩ ከርመው የእንግዳ ምንጣፍ ያነጠፉላት እሳቸው ናቸው።

«ምንም አይደል አባባ፣ ቆንጆ ነው» አለች የሚጣ እናት፤ ሰው ለባዳ እንደሚለው።

ሊቀ ብሎን ሮቦቱ አጠገብ በርከክ አሉ። ጆሯቸው ቀልቷል። እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሄደ፤ አስተማሪዋም፣ ጥርሷ የወለቀችው ልጅም፣ የተማሩት ሁሉ ጠፋባቸው። ሮቦቱን በጀርባው አስተኙና ካቻቢቴውን አወጡ። ብሎኑንም ሳቱት።

«እኔ ነኝ» አሉ ልብስ ሰፊዋ። «ምንጣፉን ያነጠፍኩት እኔ ነኝ።» ማንም አልሰማቸውም፤ ምክንያቱም ሚጣ ቦርሳዋን ጥላ ከወንበሩ ወርዳ ነበር።

«አባባ፣ አትፍታው» አለች ተንበርክካ። «መጀመሪያ ምን ብለህ ነው ያዘዝከው?»

ሊቀ ብሎን እንደ ተማሪ አነበነቡላት። ዘጠኝ ወደፊት፣ አንድ ወደ ግራ፣ አራት ወደፊት። ልጅቱ መዳፏን ምንጣፉ ላይ አድርጋ ወደፊትና ወደኋላ ሳበችው።

«እዚህ ላይ እግሩ ይንሸራተታል። ዘጠኝ አይበቃውም።» ከዚያ ጎማውን በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችና ግንባሯን ቋጠረች። የምንጣፍ ክር ተጠምጥሞበታል። «ይኼ ደግሞ መፈታት አለበት። ካቻቢቴውን አምጣው፣ እስቲ እኔ ልየው።»

ማንም ሳይነግራት ሮቦቱን አቅፋ፣ ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ሥር ገባች፤ ሥራ የሚሠራው እዚያ ነዋ። አሁን ጭንቅላቷ ጣራውን ይነካል። አዲሱን ትራስ ሳታየው ተቀመጠችበት። እጇ ወደ ግራ ተዘረጋ፣ የእጅ ባትሪውን ካለበት አገኘው፣ ፊቷን ሳታዞር ወደ ኋላ አቀበለች።

«ባትሪውን ያዝልኝ።»

ሊቀ ብሎን ጉልበታቸው እየተንቋቋ ወለሉ ላይ ወረዱ። ባትሪውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ አበሩ። ልጅቱ ዞር ብላ ብርሃኑን ሳይሆን ጭራውን አየች።

«ይኼን ማነው የነከሰው?»

«አይጥ ነው» አሉ ሊቀ ብሎን።

«ትልቅ አይጥ ነው» አለች ሚጣ፤ ወደ ሥራዋም ተመለሰች።

ልብስ ሰፊዋ ከመኪናቸው አጠገብ ቆመው አዩ። ብርሃኑ ከልጅቱ እጅ ለቅጽበት አልተለየም። ምንጣፉን ላንሣው ወይ ብለው ሲጠይቁ ከጠረጴዛው ሥር ሁለት ድምፅ በአንድ ላይ ይቆይ አላቸው፤ እኛ ትእዛዙን እንቀይራለን አሉ። በዘጠኙ ፈንታ አሥራ አራት ወደፊት ሆነ።

አራቱ ቀን እንዴት እንዳለቀ የሚያውቅ የለም። ሮቦቱ ለልብስ ሰፊዋ ክር አመላለሰ፣ ለእናቲቱ ሳሙና ወሰደ፤ አንድ ጊዜም ራሱን ችሎ ከበር ወጥቶ ወደ ጎረቤት ሲገሰግስ ተያዘ። ሚጣ አመሰግናለሁ ማለት ተወች፤ ልብስ ሰፊዋም ይህን ያህል የጣማቸው ስድ አደግነት አላዩም።

በመሄጃቸው ጠዋት ሻንጣው በር ላይ ቆመ። የሚጣ እናት የግድግዳውን ሰዓት አይታ በሉ ደርሷል አለች። ሊቀ ብሎን አንገታቸውን ደፉ።

«ይቀድማል» አሉ ልብስ ሰፊዋ። «ሰባት ደቂቃ ይቀድማል። ገና ነው።»

«ማን ሠርቶት ነው?» አለች ልጃቸው። ሁሉም ወደ አንድ ሰው አዩ። ሊቀ ብሎን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የሠሩት ዕቃ በትክክል ሠራላቸው።

በሰባቷ ደቂቃ ሚጣ ትእዛዙን ገለበጠችው። መድረሻውን መነሻ፣ ግራውን ቀኝ አድርጋ ሮቦቱን ከጠረጴዛው ሥር አስነሣችው። ምንጣፉን እየተጎተተ አቋርጦ፣ ከደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። እሱ ሸኛት።

ቤቱ ጭር አለ። ሰዓቱ ይሰማ ጀመር። ሊቀ ብሎን ሮቦቱን ከደፉ ላይ አንሥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጥለው ተቀመጡ። ልብስ ሰፊዋ ምንጣፉን መጠቅለል ያዙ። ትራሱን ሲያነሡ ከሥሩ አንዲት ነገር ብልጭ አለች። ትንሽ ብሎን ናት። ሮቦቱን አገላብጠው አዩ፤ ከጎማው ሥር አንድ ቀዳዳ ባዶውን ነው። ካቻቢቴውን የያዘው ማን እንደነበር አይተዋል።

«ምንድን ናት?» አሉ ሊቀ ብሎን።

«ትርፍ ናት» አሉ ልብስ ሰፊዋ። «ፋብሪካው ሲቸኩል የጨመራት።»

ሊቀ ብሎን ብሎኗን በመዳፋቸው ይዘው ብዙ አዩዋት። ፊታቸው ሊስቅ ሞክሮ መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሆነ። ልብስ ሰፊዋ ይህን ማየት አልቻሉም። ወደ ስፌት መኪናቸው ሄደው ሠላሳ ስምንት ዓመት ያልተነካውን ክዳን ዳበሱት። መኪናዋ ምንም አልሆነችም ነበር።

«ሮቦታችሁ ከገጫት ወዲህ ድምፅዋ ደስ አይለኝም» አሉ። «እስቲ እያት።»

ሊቀ ብሎን ቀና አሉ። ሚስታቸውን አዩ፣ መኪናዋን አዩ፣ መቀሱ የት እንዳለ አዩ። መቀሱ ተሰቅሏል። ቀስ ብለው ካቻቢቴያቸውን አወጡ።

ልብስ ሰፊዋ የጥርስ ምልክት ያለበትን ባትሪ ከጠረጴዛው አንሥተው አበሩት። «ሥራ አለብሽ እንዳትለኝ» አሉ። «እሷ እስክትመለስ ድረስ ነው የምይዝልህ።»

ሊቀ ብሎን አልተከራከሩም። ወለሉ ላይ ቦታ ለቀቁላቸው፤ ልብስ ሰፊዋም ከጎናቸው ተቀመጡና ብርሃኑን የባላቸው እጅ ላይ አሳረፉ። ብልቃጡንም፣ አንድ ብሎን መትረፏ አይቀርምና፣ ክዳኑን ከፍተው አጠገባቸው አስቀምጠዋል።